ወደ ጓሮ የሚሳበው ሽቦ፤ የሚያከስረው ርካሹ ነው ወይስ ውዱ?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን የጓሮ ክፍል ለመከራየት የሄደ ሰው ከኪራዩ ዋጋ ቀጥሎ የሚሰማው ቃል የታወቀ ነው። «ምጣድ አይፈቀድም» ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ካውያም ይጨመርበታል። አከራዩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ከትልቁ ቤት ወደ ጓሮው የተሳበው ሽቦ ለአንድ አምፖል ታስቦ የተሳበ ነውና፣ ምጣድ ሲሰካበት ይግላል፤ ወይ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይ ሽቦው ይቀልጣል።

ይሁን እንጂ የዛሬው ጓሮ የትናንቱ ጓሮ አይደለም። ቀድሞ ማገዶና አሮጌ ዕቃ ይጣልበት የነበረው ቤት ዛሬ እንጀራ እየተጋገረ የሚሸጥበት፣ ብየዳ የሚሠራበት፣ ፀጉር የሚስተካከልበት፣ ጫጩት በአምፖል ሙቀት የሚያድግበት ሆኗል። ገንዘቡን በጓሮው ላይ ለማፍሰስ የተነሳ ሰው ቆርቆሮውን፣ ሲሚንቶውንና የባሕር ዛፉን አጠና በጥንቃቄ ቆጥሮ ይገዛል። ሽቦው ግን መጨረሻ ላይ፣ ከተረፈው ሳንቲም የሚገዛ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የመጨረሻዋ 40 ሜትር

ጎጃም አባይ የሚዞረው አገር ነው። የጢስ አባይ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም ነው። 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ በ2002 ተመረቀ። የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ከበለስ የሚነሳው 400 ኪሎ ቮልት መስመር ባሕር ዳርን ነክቶ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ሱሉልታ ይዘልቃል። ይህን ያህል መንገድ የተጓዘ ኃይል ቆጣሪው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ፣ ከትልቁ ቤት እስከ ጓሮ ባለችው በመጨረሻዋ 40 ሜትር ላይ ይባክናል ቢባል ማን ያምናል?

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ይህ ወደ 16 አምፔር ነው። ጓሮው ከቆጣሪው 40 ሜትር ቢርቅ፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ መመለስ ስላለበት 80 ሜትር መዳብ ያቋርጣል።

ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ በመንገድ ላይ 14 ቮልት ገደማ ይቀራል። 2.5 ከሆነ ከ8 ተኩል ቮልት ጥቂት ይበልጣል፤ 4 ከሆነ 5 ተኩል ያህል፤ 6 ከሆነ ደግሞ ከ4 ቮልት በታች ነው።

14 ቮልት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የምጣድ ሙቀት ከቮልቱ ይበልጥ ፈጥኖ ነው የሚወርደው። በ1.5 ሽቦ የተሰካ ምጣድ ከኃይሉ 12 ከመቶ ያህሉን ያጣል። ይህም ማለት ጋጋሪዋ ስምንት ሰዓት ቆማ የምታወጣው እንጀራ በደህና ሽቦ በሰባት ሰዓት ሊወጣ የሚችለውን ያህል ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ቆጣሪው ግን በሽቦው ላይ የባከነውንም ይቆጥራል። የሁለት መቶ ዋት ያህል ኃይል ሽቦውን ለማሞቅ ብቻ ይውላል፤ ሒሳቡንም ከፋዩ ይከፍላል። ማታ ማታ፣ የሰፈሩ ሁሉ መብራት በርቶ የመስመሩ ጉልበት በሚደክምበት ሰዓት ደግሞ ጉድለቱ በጉድለት ላይ ይደረባል።

ሁለት ምጣድ ጎን ለጎን ለመትከል ያሰበ ሰው 30 አምፔር በላይ ስለሚፈልግ ከ6 ካሬ በታች ባያስብ ይሻለዋል። ከዚያ በፊት ግን ከምሰሶው ወደ ቤቱ የገባው መስመርና ቆጣሪው ራሱ ይህን ጭነት መሸከማቸውን ያስመርምር። ወፍጮ ወይም ከባድ ሞተር የሚያስብ ከሆነ ነገሩ የሽቦ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ባለ 380 ቮልት ሦስት ፌዝ መስመር ማመልከት ይኖርበታል።

ሚዛን ይዞ ሽቦ መግዛት

መዳብ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው። በግንቦት 2016 በለንደኑ የብረታ ብረት ገበያ የአንድ ቶን መዳብ ዋጋ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ሁለት ወር ሳይቆይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ሁለቱ ተደራርበው የሽቦን ዋጋ ወዴት እንደወሰዱት ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ዋጋ ሲወደድ ደግሞ የሚያጭበረብር ዕቃ ይበዛል።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ማታለያ አለ። አንደኛው 2.5 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ የቀጠነ ሽቦ ነው። ሁለተኛው ርዝመቱ የጎደለ ጥቅል ሲሆን፣ በያርድ የተለካ 100 ደግሞ 91 ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ሦስተኛው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ይህኛው ላዩ ቀይ ነው፤ በቢላ ሲፋቅ ግን ነጭ ይወጣል። ኤሌክትሪክን የመሸከም አቅሙም ከመዳብ በብዙ ያነሰ ነው።

ለዚህ ሁሉ ቀላሉ መድኃኒት ሚዛን ነው። ትክክለኛ የ2.5 ነጠላ ሽቦ፣ 100 ሜትር ከሆነ፣ ፕላስቲኩ ሳይቆጠር መዳቡ ብቻ 2.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የ4 ጥቅል 3.6 ኪሎ ገደማ፣ የ6 ደግሞ 5.4 ኪሎ ገደማ መዳብ አለው። ፕላስቲኩን ጨምሮ ከዚህ በታች የመዘነ ጥቅል ወይ ቀጥኗል፣ ወይ አጥሯል፣ ወይ መዳብ አይደለም። በርበሬና ቅቤ ሳይመዝን የማይገዛ ሰው ሽቦን ለምን በዓይኑ ብቻ ይገዛል?

የሚገዛውን መጠን ሲያሰሉም ፌዙን፣ ኒውትራሉንና የመሬት ሽቦውን መቁጠር ነው። ለ40 ሜትር ጓሮ 120 ሜትር ሽቦ መሆኑ ነው። የመሬት ሽቦውን «ለጊዜው ይቅር» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎ ባለሙያውን ይቀይሩ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፤ ወፍራሙ ሽቦ ቢወደድም የቦይ ማስቆፈሪያው፣ የቱቦውና የባለሙያው ዋጋ ለቀጭኑም ለወፍራሙም ያው ነው። ዛሬ በቀጭን ሠርቶ ነገ መልሶ የሚያስቆፍር ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ዋልካውና ክረምቱ

በብዙ ግቢ እንደሚታየው ሽቦው በአጥር ላይ ተንጠላጥሎ፣ በቆርቆሮው ጠርዝ ታጥፎ ወደ ጓሮው ይገባል። ነፋስ ሲያወዛውዘው ቆርቆሮው ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። አንድ የክረምት ማለዳ ጣሪያውና ግድግዳው ኤሌክትሪክ ይዞ ያድራል። የመጀመሪያው የሚነካው ሰው ማን እንደሚሆን አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ ግን እጇ በሊጥ የረጠበ ጋጋሪ ወይም በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ነው።

መቅበሩ ይሻላል። ነገር ግን የደጋው ዋልካ አፈር የራሱ ጠባይ አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ የተቀበረውንም ይጎትታል። ስለዚህ ሽቦው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ዙሪያውን አሸዋ ተነጥፎለት፣ ትንሽ ላላ ብሎ ይቀበር። ድንችና ጌሾ በሚኮተኮትበት ጓሮ ደግሞ ዶማ እንዳያገኘው ከበላዩ ጡብ መደርደር፣ ያለፈበትንም መስመር ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። የመሬት ዘንጉ በክረምት እርጥብ አፈር ላይ ደህና ቢሠራ በበጋ ዋልካው ሲደርቅ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ የሚለካው በደረቁ ወራት ነው።

ጓሮው የራሱ ብሬከር ይኑረው። ብሬከር የሚመረጠው ለምጣዱ ሳይሆን ለሽቦው ነው። ምጣዱ እያወረደው አስቸገረ ተብሎ በቀጭን ሽቦ ላይ ባለ 32 አምፔር ብሬከር መግጠም፣ ወይም ፊውዙ ላይ የመዳብ ክር መጠምጠም ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው። የሚቃጠለውም ግድግዳው ውስጥ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ቢጨመርበት ደግሞ ከሽቦው ይልቅ የሰው ሕይወት የሚያድነው እሱ ነው።

ቆጣሪው የማን ነው?

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ በመሆኑ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲደራረብ ሁሉም ከፍ ባለው እርከን ይከፍላል። በመስከረም 2017 የጀመረው ማሻሻያ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ነው። አከራዩ ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ቢያስገባ «አንተ አበዛህ፣ አንቺ አበዛሽ» የሚለው የወር መጨረሻ ጠብ ይቀራል። በጓሮው ንግድ የሚካሄድ ከሆነም ታሪፉ ሌላ ነውና፣ ብዙዎቻችን ዛሬም «መብራት ኃይል» የምንለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ዘንድ ሄዶ ማስመዝገብ ነው። በመኖሪያ ቆጣሪ ተደብቆ የሚሠራ ንግድ ሲደረስበት የሚያጣው ከሚያተርፈው ይበልጣል።

እንግዲህ የጓሮ ክፍል ሠርቶ ለማከራየት ወይም ለመነገድ ያሰበ ሰው ሒሳቡን ከሽቦው ቢጀምር ይጠቀማል። «ምጣድ ይፈቀዳል» የሚባልበት ክፍል ፈላጊው ብዙ ነው። ይህን ቃል በሙሉ ልብ ለመናገር የሚያስችለው ግን ለዓይን የማይታየው፣ ከዋልካው በታች የተቀበረው መዳብ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።