የኑሮ መሻሻል በማን መልስ ይለካል?

መንግሥት ለድሆች የሚያደርገው ድጋፍ ኑሯቸውን ለውጦት እንደሆነ የሚታወቀው ፍጆታቸውን በማስላት ወይም ራሳቸውን በመጠየቅ ነው። በኢትዮጵያ ሁለቱም ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ጎን ለጎን ተሠርቶባቸዋል፤ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የቤተሰብ ገቢና ፍጆታ ጥናት ሲያካሂድ የኑሮ ሁኔታን የሚከታተል ሌላ መጠይቅም አዘጋጅቷል። በፍጆታው ስሌት መሠረት ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። ቁጥሩ ግን ሰዎች ስለ ኑሯቸው የሚሉትን አይተካም።

መጠየቁም ቀላል አይደለም። «ኑሯችሁ ካምናው ተሻለ ወይስ ባሰ?» ሲባል፣ ጎተራው ባዶ ሆኖም «ተመስገን ነው» ብሎ የሚመልስ አለ። ከኑሮ ሁኔታ መጠይቁ ጥያቄዎች በጣም ጠቃሚው ስለዚህ ስሜትን የማይጠይቀው ነው፦ ድንገተኛ ችግር ቢመጣ ቤተሰቡ በሳምንት ውስጥ የተወሰነ ብር ማግኘት ይችላል ወይ? ከቻለስ ከየት? በግ የሚሸጥ፣ ከዕቁብ የሚያወጣና ከዘመድ የሚበደር ሦስት ቤተሰቦች ሁሉም «አዎ» ቢሉም አቅማቸው አንድ አይደለም። ጥያቄው ድክመትም አለው፤ የብሩ የመግዛት አቅም ሲወርድ የያኔውንና የአሁኑን መልስ በቀጥታ ማወዳደር ያሳስታል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው፣ የአፍሪካውያንን አስተያየት የሚሰበስበው የአፍሮባሮሜትር ጥናትም ይህንኑ ፈለግ ይከተላል። ባለፈው ዓመት ምግብ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ሕክምና፣ የማብሰያ ነዳጅና ጥሬ ገንዘብ ምን ያህል ጊዜ እንደጎደለ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «የላከን ማን ይመስልዎታል?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጠያቂውን የመንግሥት ሰው ነው ብሎ ያሰበ ሰው መልሱን ሊመርጥ ይችላልና።

እውነተኛ መልስ ማግኘት በጣም የሚከብደው በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ላይ ነው። ሥራ መሥራት የሚችሉ ተረጂዎች እርከን በመሥራትና በመሳሰለው ሥራ እየተሳተፉ እህል ወይም ገንዘብ ያገኛሉ፤ አቅመ ደካሞች ያለ ሥራ ይደገፋሉ። ኑሮው የተሻሻለ ቤተሰብ «ይመረቃል»፣ ማለትም ከድጋፉ ይወጣል። ስለዚህ «ተሻሽሎልኛል» ማለት ድጋፉን ሊያሳጣ ይችላል፤ «አልተሻሻለም» ማለትም መርሐ ግብሩን እንደ መንቀፍ ሊቆጠር ይችላል። አስተማማኝ መልስ ለማግኘት ጠያቂው ተረጂዎችን ከሚመለምለው የቀበሌ ኮሚቴ የተለየ መሆን አለበት፤ ሳይመለመሉ የቀሩትና የተመረቁትም መጠየቅ አለባቸው፤ የቤተሰቡ ኃላፊ ብቻ ሳይሆን ሚስትም ለብቻዋ መሰማት አለባት።