ከቀዶ ጥገናው በፊት ሲጋራውን!

ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት አጫሽ አስቀድሞ ሲጋራ እንዲተው ይታዘዛል፤ ብዙ ሆስፒታሎች ቢያንስ 6 ሳምንት ይጠይቃሉ። ለምን? ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም። ጨጓራና አንጀት በተጋጠሙበት ቦታም ቁስለት ወጥቶ ሊደማ ይችላል።

መተዉን ለማረጋገጥ ደም ወይም ሽንት ይመረመራል። የሚፈለገው ኮቲኒን ነው፤ ይህም ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ኒኮቲን በሰዓታት ውስጥ ሲቀንስ ኮቲኒን ግን ለቀናት ይቆያል። ሺሻም ያጋልጣል። ሲጋራ ለማቆም የሚረዱት የቆዳ ልጥፍና ማስቲካም ኒኮቲን ስላላቸው፣ ተጠቃሚው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

እህቴ፣ ወንድሜ! ምርመራውን ለማለፍ ብቻ አቁሞ ከዚያ መመለስ ራስን ማታለል ነው፤ ቁስለቱ ከዓመታት በኋላም ይመጣልና። ለሐኪም የተነገረ ውሸት የሚጎዳው ተናጋሪውን ነው። አላህ ያግራላችሁ!