ያውቁ ኖሯል? ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ቤት

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ጅማ ላይ ካቆሟቸው ሕንፃዎች አንዱ ሲኒማ ቤት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ለፊልም አንድ ነጭ ግድግዳ ይበቃል። ቲያትር ግን ጥልቀት ያለው መድረክ፣ ተዋናይ ተራውን የሚጠብቅበት ጎንና መልበሻ ክፍል ይፈልጋል።

● የሀገራችን ቲያትር ያደገው በሌላ ቤት ተጠግቶ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቲያትር፣ የተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ»፣ የታየው አዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ውስጥ ነበር። የሀገር ፍቅር ቲያትር ቤትም ቀድሞ የምሽት መዝናኛ ክበብ ነበር።

● ብሔራዊ ቲያትርም ጣሊያኖች በጀመሩት ሲኒማ ላይ የተሠራ ነው። በ1948 ዓ.ም. ሲመረቅ መድረኩን የከፈተው የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ሲኒማ ቤት መድረክ ከተሠራለት ቲያትር ቤት ይሆናል ማለት ነው።

● አዘጋጁ «ወደ ቀኝ!» ሲል የተዋናዩን ቀኝ ማለቱ ነው። ለእርስዎ ለተመልካቹ ግራ ነው።

● በጥንቱ የአውሮፓ ቲያትር የመድረኩ ወለል ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ይል ነበር፤ ከኋላ የቆመው ተዋናይም እንዲታይ። በእንግሊዝኛ የመድረኩ ጀርባ እስከ ዛሬ «ላይ»፣ ፊቱ «ታች» የሚባለው ከዚያ የተነሣ ነው።

● መጋረጃ የሌለው መድረክም አለ፤ ተመልካች በሦስት ጎን ወይም ዙሪያውን ይከበዋል። ጅማ ዞን፣ ኦሞ ናዳ ውስጥ የሚገኘው ኦዳ ሁሌ የገዳ ጉባኤ ስፍራ ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ተናጋሪን ማዳመጥ ለአካባቢው ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

● ቡና ሲፈላም እንዲሁ ነው። ቄጤማው የተጎዘጎዘበት፣ ረከቦቱ የተቀመጠበት ቦታ መድረክ ነው፤ እንግዶች ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ አቦል፣ ቶናና በረካም በተራ ይመጣሉ።

● ለትንሽ ከተማ የሚስማማው ጥቁር ቀለም የተቀባ ባዶ ክፍል ነው። ቋሚ መድረክ የለውም፤ ወንበሩ ለየቲያትሩ እንደገና ይደረደራል። ጥቁሩ ግድግዳ ብርሃን ስለማይመልስ ዓይን ተዋናዩ ላይ ያርፋል።

● የተዋናይ ፊት በደንብ የሚነበበው እስከ 20 ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ቲያትር ቤት በዚህ ትልቁን ይበልጠዋል፤ የመጨረሻው ረድፍም እንባውን ያያል።

● ከአንድ ግንድ የሚጠረበው የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ያለው በከንቱ አይደለም፤ ሦስት እግር ወጣ ገባ ወለል ላይም አይነቃነቅም። እንደ ልብ ለሚነሣ መቀመጫ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

● ጅማ በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ የተዋናዩን ድምፅ ይውጠዋል። ከቆርቆሮው ሥር ወፍራም ኮርኒስ ማድረግ ከውድ ማይክ ይቀድማል።

● ጥሩ መድረክ ከጀርባው መተላለፊያ አለው፤ በቀኝ የወጣ ተዋናይ ሳይታይ ዞሮ በግራ እንዲገባ። የመልበሻ ክፍል አምፖሎችም ከመስተዋቱ ግራና ቀኝ የሚተከሉት፣ ከላይ ብቻ የሚወርድ ብርሃን የዓይን ሥር ስለሚያጨልምና የፊት ቅብ ስለሚያሳስት ነው።

● እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1903 ቺካጎ ውስጥ ኢሮኳ ቲያትር ሲቃጠል ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ። በሮቹ ገሚሶቹ ተቆልፈው፣ ገሚሶቹ ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ነበሩ፤ የሸሸው ሕዝብ ራሱ ደፈናቸው። የአዳራሽ በር ወደ ውጭ ይከፈት የሚለው ሕግ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ጠብቋል።

ጅማም ሆነ አጋሮ፣ ሊሙ ገነትም ሆነ ቦንጋ አዳራሽ የምታሠሩ ወገኖች፣ ከእብነ በረዱ በፊት ለመልበሻ ክፍሉ፣ ለጀርባው መተላለፊያና ወደ ውጭ ለሚከፈተው በር ቦታ ተዉ። ተዋናዩ ቤት ሲያገኝ ቲያትሩ ይመጣል።