የቤት መግቢያ ጠረጴዛ በመጸው

የመግቢያ ጠረጴዛ ከበሩ ገባ እንደተባለ ግድግዳ ተጠግቶ የሚገኝ ጠባብ ጠረጴዛ ነው። ወርዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው ደግሞ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይህ ጠረጴዛ መስከረም ሲጠባ በደረቀ ቅጠል፣ በዱባና ባልተላገ እንጨት ይጌጣል፤ እዚያ ወቅቱ ቅጠል የሚረግፍበት፣ ቀኑም የሚያጥርበት ነውና። በአዲስ አበባ፣ በየካ ተዳፋትና በእንጦጦ ጋራ ግን ያው ወቅት ተገልብጦ ይመጣል። ሰኔ ላይ የጀመረው ዝናብ ያባራል፣ ጉሙ ከጋራው ይገፈፋል፣ ሜዳውና የመንገዱ ዳር ቢጫ ይለብሳል። ስለዚህ እዚህ የመጸው ጌጥ በአብዛኛው እርጥብ ነው። ውበቱም ጣጣውም ከዚሁ ይመነጫል፤ አንዱ ጌጥ በማግስቱ ይጠወልጋል፣ ሌላው ሳምንት ይቆያል፣ ሌላው ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። ጠረጴዛውን በደንብ ማሰናዳት ማለት የእያንዳንዱን ዕድሜ አውቆ ቦታ መስጠት ነው።

በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ነው። ቤቱ ግን እስከዚያ አይጠብቅም፤ ደጃፉ መሰናዳት የሚጀምረው ጳጉሜን ሲያልቅ ነው። መስከረም 1 እንቁጣጣሽ፣ 16 ደመራ፣ 17 መስቀል ተከታትለው ይመጣሉ። ከዚያ እሬቻ አለ፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባም በሆራ ፊንፊኔ ይከበራል፣ ሰዉም እርጥብ ሣርና አበባ በእጁ ይዞ ይወርዳል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ደግሞ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወርኃ ጽጌ ነው፤ ማኅሌተ ጽጌ በየሳምንቱ ይቆማል። ከአንዱ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ጥቂት ቀን ወይም ሳምንት በመሆኑ ጠረጴዛው ላይ ያለው እርጥብ ነገር በየበዓሉ ይታደሳል።

ሥራው የሚጀመረው ከወለሉ ነው፣ በጉዝጓዝ። ቄጠማ በረግረግና በወንዝ ዳር የሚበቅል ተክል ነው፤ ሣር ቢመስልም ከሣር ወገን አይደለም፣ የጣና ታንኳ ከሚሠራበት ከደንገል ጋር ይዛመዳል። ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ላሽከረከረው ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ የሣር አገዳ ድቡልቡል ሲሆን የቄጠማው ሦስት ጠርዝ አለው። በበዓል ዋዜማ በሾላ ገበያና በየመንገዱ ዳር በእስር እየሆነ ይሸጣል። ትኩሱ ከታች ወደ ሥሩ ነጣ ያለ፣ ሲታጠፍ ቀጭ የሚል ነው፤ ጫፉ መቅላት የጀመረው ካደረ የሰነበተ ነው። ቤት ሲደርስ ጭቃው ይራገፋል፣ ውኃ ረጨት ይደረግበታል፣ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው እግር ይጎዘጎዛል። በድሮው የአፈር ወለል ላይ ወፈር ብሎ ቢነጠፍ ችግር አልነበረውም። ዛሬ የብዙው ቤት ወለል ሴራሚክ ነው፣ እርጥብ ቄጠማም በሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል፤ ሽማግሌና አሮጊት በሚመላለሱበት ቤት ሳሳ አድርጎ ግድግዳ ግድግዳውን መጎዝጎዝ ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ በሁለተኛው ይገረጣል፣ በሦስተኛው መጠረግ አለበት። የዘገየ ጉዝጓዝ እንኳን ለእንግዳ ለባለቤቱም አያምርም።

ጠረጴዛው ራሱ ለገጠር መልክ የሚስማማው ዋንዛ ቢሆን ነው። ዋንዛ ለመላግ የሚመች፣ ጠቆር ያለና መስመሩ የሚታይ እንጨት ስለሆነ ቫርኒሽ ሳይበዛበት ያምራል፤ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውም ከዚሁ ነው። በርጩማው ከጠረጴዛው ሥር ቢገባ ጫማ ለሚያወልቅ እንግዳ መቀመጫ ይሆናል። የኮንዶሚኒየም ቤት ጠረጴዛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቺፕውድ ነው። እሱን ዋንዛ ለማስመሰል ከመድከም ጨርቅ ማልበስ ይቀላል። ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ፣ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በሚሠሩበት ሰፈር፣ ጥለት ያለው ነጭ ሸማ ይገኛል። ሸማው ጠረጴዛውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም፤ ጥለቱ ከፊት ለፊት ጠርዝ አንድ ስንዝር ያህል ቢወርድ ይበቃል። ጥለቱ ደማቅ ከሆነ ሌላው ሁሉ ጸጥ ያለ ይሁን። ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ከቢጫ አበባና ከባለቀለም ስፌት ጋር ሲጣላ ደጃፉ ሱቅ ይመስላል።

ከጨርቁ ቀጥሎ ዕድሜ ያለው ዕቃ ይመጣል። ስፌት የሚሠራው በዋናነት ከአክርማና ከስንደዶ ነው፤ ሁለቱም ሣር ናቸው፣ ተሰነጣጥቀውና ቀለም ተነክረው በወስፌ ይሰፋሉ። መሶብ ለዚህ ጠረጴዛ አይሆንም፤ ወርዱ አይበቃውም፣ ቦታውም ገበታ ነው። ለመግቢያ የሚመቸው ሰፌድ ነው፤ ከጠረጴዛው ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም ሌላው መስተዋት የሚሰቅልበትን ቦታ ይሞላል፣ ከፊቱ ለሚቀመጠውም ነገር ጀርባ ይሆናል። ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ ከጎኑ ብትቀመጥ የእንቁጣጣሽ ማለዳ ሥራ አላት፤ ለአበባየሆሽ ልጆች የተዘረዘረው ብር የሚቀመጠው እዚያ ነው። በሩ ከማለዳ ጀምሮ ደጋግሞ ስለሚንኳኳ ቦርሳ ፍለጋ ወደ መኝታ ቤት መመላለስ አያዋጣም።

ሸክላው ከቀጨኔ ሊገኝ ይችላል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው እየቀረጹ፣ በጠጠር አለስልሰው፣ በሜዳ እሳት ይተኩሱታል። ያልተቀባ ሸክላ ውኃ ያልባል። ገንቦው ውስጥ ውኃ ሞልቶ አበባ የሰካ ሰው በማግስቱ በሸማው ላይ ክብ እድፍ ያገኛል፣ ዋንዛውም ከሥር ይነፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመስታወት ብርጭቆ ወይም የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ በገንቦው ውስጥ ተደብቆ ውኃውን ይይዛል። ጀበናን ለጌጥ ብቻ መደርደር ግን የሚያስፈልግ አይመስልም። ደህና ጀበና ቦታው ረከቦት አጠገብ፣ ማቶቱ ላይ ነው፤ አፉ የተሸረፈ ወይም ጆሮው የወለቀ ጀበና ግን ለሁለትና ለሦስት ዘንግ አበባ ልክ ነው።

አበባው አደይ ነው። በየመስኩና በየማሳው ዳር የምትፈነዳው አደይ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ስትሆን ከሱፍና ከኑግ ጋር ከአንድ ቤተሰብ ትመደባለች። ከቅርብ ሲያዩአት አንዲት አበባ የምትመስለው የብዙ አበቦች ስብስብ ናት፤ በዳር ያሉት ቢጫ ጠፍጣፋዎች አንድ ዓይነት፣ መሃሉን የሞሉት ደቃቅ ቱቦዎች ሌላ ዓይነት ናቸው፣ ዘር የሚቋጥሩትም የመሃሎቹ ናቸው። የቅርብ ዘመዷ ጨጎጊት ናት፤ በእንጦጦ ሣር ውስጥ የሄደ ሰው ከሱሪው ላይ አንድ በአንድ የሚለቅመው ጥቁር መርፌ የእሷ ዘር ነው። አደይ ጥቅጥቅ ባለ ባህር ዛፍ ሥር እምብዛም አትገኝም፤ የምትወደው ገላጣ ቦታ፣ የእግር መንገድ ዳርና ያረፈ መሬት ነው። መቁረጫው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ውኃ ውስጥ የሚገባው ቅጠል ሁሉ ይመለመላል፤ ካልተመለመለ ይበሰብስና ውኃውን ያገማዋል። ውኃው በየቀኑ ተቀይሮ የዘንጉ ጫፍ ትንሽ እየተቆረጠ ከተያዘች ጥቂት ቀን ትቆያለች። ነቅሎ መውሰድ ግን መጥፎ ልማድ ነው። አደይ ከዘር የምትበቅል ስለሆነች ሥሯ የተነቀለ ቦታ ለከርሞ የሚዘራ አያገኝም።

የእንጦጦ ሌላው ስጦታ ማንም ጌጥ ብሎ የማያየው ነገር ነው። ከአውስትራሊያ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ነጭ ባህር ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅጠል ያወጣል። የጎለመሰው ዛፍ ቅጠል ረጅምና ማጭድ መሰል ነው፤ ከተቆረጠ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠል ግን ክብ፣ አመድማ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱን ያቀፈ ነው። በውጭ አገር የአበባ ሻጮች ይህንኑ ለጋ ቅርንጫፍ በገንዘብ ይሸጡታል። እዚህ የማገዶ ትራፊ ሆኖ መንገድ ላይ ይወድቃል። ከአደይ ጋር በአንድ ገንቦ ሲሰካ ቢጫውን ያበርደዋል፣ አደይ ከጠወለገች በኋላም ለሳምንታት ይቆያል፣ እየደረቀም ሽታውን አይተውም። ከዛፉ ሥር የሚለቀመው ጠንካራ ባለ አራት ጠርዝ ፍሬም በትንሽ የእንጨት ገበቴ ላይ ቢፈስስ የገጠሩን መልክ ያለ ምንም ወጪ ይሰጣል። የአበሻ ጥድ ቅርንጫፍም ያምራል፤ ነገር ግን ትልልቆቹ ጥዶች የቀሩት በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ስለሆነ ከዚያ መቁረጥ ነውር ነው። ነፋስ የጣለውን ማንሳት ይበቃል።

በእንቁጣጣሽ ቀን ጠረጴዛው ከውጭም ይሞላል። ሴቶች ልጆች እየዘፈኑ አደይና እርጥብ ሣር ያቀብላሉ፣ ወንዶች ልጆች በወረቀት ላይ የሣሉትን አበባና መልአክ ይሰጣሉ። ሥዕሉን ሰፌዱ ላይ ደገፍ አድርጎ ማቆም ወግ ነው፤ ልጁ በማግስቱ በበሩ ሲያልፍ ያየዋል። በጎጃምና በአካባቢው ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ተክል ይነቅላሉ፤ እንግጫው ከአደይ ጋር ተጎንጉኖ ራስ ላይ ይደረጋል፣ ቤትም ይታሰራል። ከዚያ የመጣ ቤተሰብ በየካም ጉንጉኑን ከበሩ መቃን ወይም ከጠረጴዛው እግር ያስረዋል።

ከመስቀል በኋላ ጌጡ ወደ ምርት ያዘነብላል። የበቆሎ እሸት ከነልባሱ፣ ባለ ሽንትር አረንጓዴ ዱባ፣ የደረቀ ቅል በየተራ ይመጣሉ። ዱባው ካልተቆረጠና ካልቆሰለ ወራት ስለሚቆይ በዚህ ወቅት ካለው እርጥብ ነገር ሁሉ የሚያስተማምነው እሱ ነው፤ ሲያበቃም ወጥ ይሆናል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከእንጦጦ ማዶ በሱሉልታ ሜዳ ሣር ይታጨዳል፣ በደጋውም ገብስና ስንዴ ይደርሳል። አንድ ጭብጥ የገብስ ዛላ በስንደዶ ታስሮ በአደይ ቦታ ሲቆም ውኃም አይፈልግም። እህሉ ዘንጉ ላይ እያለ አይጥ እንደሚጠራ ግን መዘንጋት የለበትም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ፕላስቲክ ሣርና የጨርቅ አደይ በየሱቁ ሞልተዋል። ረከቦት ሥር የሚነጠፈው አረንጓዴ ምንጣፍ ከቡና ቤቶች ተነስቶ ወደ መኖሪያ ቤት መግቢያ ገብቷል። ምክንያቱ ይገባል፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ቄጠማ ተሸክሞ መውጣት፣ በሦስተኛው ቀን ጠርጎ ማውረድ ድካም ነው። ፕላስቲኩ ግን አቧራ ይይዛል እንጂ አይሸትም፣ የጉዝጓዝ ግማሹ ደግሞ ሽታው ነው። ቦታም ጊዜም ያጣ ሰው አንድ እስር ቄጠማ ገዝቶ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ በሰፌዱ ዙሪያ፣ ግማሹን በበሩ መድረክ ቢበትነው ከሙሉ ፕላስቲክ ምንጣፍ የተሻለ ሥራ ይሠራል። እርጥቡ ቄጠማ ስፌቱን እንዳይነካ በመሃል ሳህን ወይም የእንጨት ገበቴ ይገባል።

ጠረጴዛው ታኅሣሥ ላይ ሲነሳ ስፌቱ በጥንቃቄ ይቀመጣል። አቧራው በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል፤ በውኃ አይታጠብም፣ ቀለሙ ይፈሳልና። ለግማሽ ቀን ጥላ ባለበት ቦታ ነፋስ ይመታውና ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይሰቀላል። በፌስታል ቋጥሮ ማኖር ሻጋታ ያመጣል፤ በአሮጌ ነጠላ መጠቅለል ይሻላል።