ፅንስ የእናቱን ስንቅ ማን ያራግፍለታል?

ፅንስ ገና ሲጀመር ራሱን አያዝም። እንቁላሉ ከወንድ ዘር ጋር ሲዋሃድ የፅንሱ ዲኤንኤ አለ፣ ግን ዝም ብሏል ማለት ይቻላል። ሥራው የሚሄደው እናት እንቁላሉ ውስጥ አስቀድማ በቋጠረችው ስንቅ ነው። ስንቁ ደግሞ ምግብ ብቻ አይደለም፤ "ይህን ፕሮቲን ሥራ" የሚል ትዕዛዝ የያዙ መልእክተኛ አርኤንኤዎችም አሉበት። በሰው ልጅ የፅንሱ ዲኤንኤ በደንብ የሚነሳው ከ4 እስከ 8 ሴል ሲደርስ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ይመጣል። ልጅ ማዘዝ ሲጀምር የእናት ትዕዛዝም ካልተነሳ በአንድ ቤት ሁለት አዛዥ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ የድሮውን ማን ያጥፋው?

ይሄ በደንብ የታየው ዜብራፊሽ በምትባል ትንሽ ዓሣ ላይ ነው። ፅንሷ የሚያድገው ከእናቱ ሰውነት ውጭ ነው፤ እንደ ብርጭቆም ውስጡን ያሳያል። 3 ሰዓት ገደማ ሲሆነው ከራሱ ዲኤንኤ መጀመሪያ ከሚያወጣቸው ነገሮች አንዱ ሚር-430 የተባለ ማይክሮ አርኤንኤ ነው። ርዝመቱ 20 ፊደል ገደማ ቢሆን ነው፤ መልእክተኛ አርኤንኤ ግን ሺህና ከዚያ በላይ ፊደል ሊኖረው ይችላል። ይሄ ትንሽ ነገር በመቶዎች የሚቆጠሩ የእናት መልእክቶች ላይ ይለጠፋል። ከዚያ መልእክቱን ከመበላሸት የሚጠብቀው ጅራት እየተቆረጠ ያልቃል፤ ጅራት የሌለው መልእክት ደግሞ ብዙ አይቆይም፣ ይፈራርሳል።

ባይኖርስ? በ2005 እ.ኤ.አ. አንቶኒዮ ጂራልዴዝ፣ አሌክሳንደር ሺር እና ባልደረቦቻቸው ዳይሰር የሌላቸው ፅንሶች አዘጋጁ። ዳይሰር ማይክሮ አርኤንኤን ከረጅሙ ቆርጦ የሚያወጣ ኢንዛይም ነው። ዋና ዋናዎቹ የሴል ዓይነቶች ተፈጠሩ፣ የአንጎሉ ቅርጽ ግን ተበላሸ። ሚር-430ን በመርፌ ሲሰጧቸው አንጎሉ ቅርጹን መልሶ ያዘ! እኛን በጣም የገረመን ይሄኛው ነው። ስንቅ የማራገፉ ሥራ የሱ መሆኑን ያሳዩት በዓመቱ ነው።

እርግጥ ሚር-430 ብቻውን አይሠራም፤ እናት ራሷ ከስንቁ ጋር አራጋፊ ፕሮቲኖችንም ትልካለች።

የዓሣውን ነገር ቀጥታ ወደ ሰው መገልበጥ አይቻልም። ግን የሚር-430 ዘመዶች እኛም ጋ አሉ፤ ሚር-302 እና ሚር-372 በሰው የፅንስ ግንድ ሴሎች ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ከሚር-372 ጎን ተሰልፎ የሚገኘው ሚር-371 ደግሞ በጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ እምብዛም አይታይም፣ በአንዳንድ የወንድ የዘር ፍሬ ካንሰሮች ጊዜ ግን ከፍ ይላል። ሐኪሞች ካንሰሩን በደም ምርመራ ለመለየት እያጠኑት ያሉትም ለዚህ ነው።