«ስሜት» የተባለው ቃል በወጣት ተማሪዎች የግጥም ትምህርት

በአማርኛ የግጥም ትምህርት ውስጥ «ስሜት» የተባለው ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሟል። በአንድ ወገን ዐይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስና ቆዳ የሚቀበሉትን ያመለክታል፤ በሌላ ወገን ደስታን፣ ሐዘንንና ፍርሃትን ይጠራል። ቃሉ ከ«ሰማ» የወጣ ስለ ሆነ ሁለቱም ፍቺዎች ባዕድ አይደሉም። ችግሩ የሚታየው መምህሩ «ግጥሙ ምን ስሜት ፈጠረብህ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ተማሪው «አሳዘነኝ» ይላል፤ ጉዳዩም እዚያው ይዘጋል። በየትኛው ሽታ፣ በየትኛው ድምፅ እንዳዘነ ሳይመረመር ይቀራል።

ዳንግላን ምሳሌ አድርገን እንውሰድ። በአዊ አገር ሴማዊው አማርኛና ኩሻዊው አውንጊ ጎን ለጎን ይነገራሉ። በአውንጊ አፉን የፈታ ልጅ የአማርኛን ግጥም የሚያገኘው በአብዛኛው ከትምህርት ቤት ነው፤ ስያሜው ቢያሳስተው ከቤቱ ይዞት የመጣ ማረሚያ የለውም። ነገሩን ራሱን ግን፣ ማለት የቀርከሃውን አጥር፣ የከሰሉን ጭስ፣ የፈረሱን ኮቴ፣ አሳምሮ ያውቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ጥር 23 ቀን ሲያከብር ያየ ልጅ፣ ስለዚያው ጻፍ ሲባል «በዓሉ በጣም ያስደስታል» ብሎ ከጀመረ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የጥያቄው ነው። ለማሳያ ያህል በወል ቤት ምጣኔ ሁለት ስንኝ አዘጋጅተናል፤

ፈረሱ ሳይመጣ ኮቴው ገሠገሠ፣
አቧራው ከንፈሬን አፈር አቀመሰ።

ደስታም ሆነ ግርማ በስም አልተጠራም። ጆሮ ከዐይን ቀደመ፤ ምላስ ተከተለ። (ተርጓሚ «አፈር አቀመሰ» ከሚለው ላይ መቆሙ አይቀርም፤ ሐረጉ የሽንፈት ጥላ አለበትና።)

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የግሦቹ ጠባይ ነው። አማርኛ «ሸተተኝ፣ ታየኝ፣ ተሰማኝ፣ ጣፈጠኝ፣ ሻከረኝ» ይላል። እንግሊዝኛ የሚያሸተውን ሰው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ያደርገዋል፤ በአማርኛ «ጭስ ሸተተኝ» ሲባል ግን ባለቤቱ ጭሱ ነው፤ ሰውየው ተሳቢ ሆኖ ይቀበላል። «አሸተትሁ» ሆን ብሎ አፍንጫን ማስጠጋት ነው። ስለዚህ ሳይታሰብ የመጣን ሽታ «ጭስ አሸተትሁ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ግጥሙን ወደ ምርመራ ይለውጠዋል። ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መዋዋሳቸውም ለቋንቋችን እንግዳ አይደለም፤ «ጣዕመ ዜማ» ስንል የምላስን ለጆሮ ሰጥተናል፤ «ሻካራ ድምፅ» ስንል የቆዳን።

ወደ ስያሜው እንመለስ። «ምስል» ተማሪውን ወደ ዐይን ብቻ ይመራዋል፤ «ምስል ከሳች» የሚለውም ከዚህ ጉድለት አያመልጥም። «ሕዋስ» ደግሞ በሥነ ሕይወት ትምህርት የአካል ጥቃቅን ክፍል መጠሪያ ሆኗል፤ ልጁ በአንድ ቀን ሁለቱን ፍቺዎች ሊሰማ ይችላል። ቢሆንም «አምስቱ ሕዋሳት» የሚለው የቆየ አነጋገር ገና ሕያው በመሆኑ፣ ለከፍተኛ ክፍሎች «ሕዋሳዊ ምስል» ቢባል፣ «ስሜት» ደግሞ ለደስታና ለሐዘን ቢተው የተሻለ መስሎ ይታየናል። እንከን የለሽ ነው አንልም።

ለታችኞቹ ክፍሎች ግን ስያሜ ባይሰጥ እንመርጣለን። ግሡ ራሱ ጥያቄ ይሁን፤ ምን ሸተተህ? ምን በረደህ? ምን ሻከረህ? ልጁ በመጀመሪያ በአውንጊ ቢመልስም ይመልስ፤ የአማርኛው ቃል ከዚያ በኋላ ይፈለግለታል።