የሩቅ አገር ውሳኔና የቤታችን ሕመም

በቤቱ የታመመ ልጅ ያለበት ወላጅ ስለ ውጭ አገር ፖለቲካ የሚያስብበት ጊዜ የለውም ብለው የሚገምቱ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን እኛ ወላጆች ነገሩን ብንመረምረው፥ ባሕር ማዶ የተፈረመ አንድ ወረቀት ልጃችን እስከሚውጠው ኪኒን ድረስ እንደሚዘልቅ እናስተውላለን።

ስለ ምሳሌ የዋግ ኽምራን ፃግብጂ እንመልከት። በጦርነቱ ዘመን ከዚያና ከአበርገሌ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ሰቆጣ ተሰደደ፤ ሰላሙም በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ይሁን እንጂ ጦር ቢቆም ንዳድ፥ ማለት ወባ፥ አይቆምም። በቆላው በኩል ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። ልጅዋ አተኩሶት በሌሊት የሚንቀጠቀጥባት እናት የምታስበው፥ ነገ ጤና ጣቢያ ስንደርስ መድኃኒቱ ይገኝ ይሆን? የሚለውን ብቻ ነው።

የዚህ መልስ ከውጭ ጉዳይ ጋራ የተያያዘ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያና አሜሪካ የ«ፖይንት ፎር» ስምምነት የተፈራረሙት በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወባ ደጋውን ሳይቀር ወርሮ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፤ ከዚህም 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። በቅርቡም ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ 1,157ም ሞቱ።

ይህ በሆነ በሦስት ወር ውስጥ፥ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፥ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲታገድ አዘዙ። በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው መቋረጡ ተነገረ። የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትም ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ። ከዚህም በፊት በሰኔ 2015 ዓ.ም. እህሉ ወደ ሌላ እጅ ይሄዳል ተብሎ የምግብ እርዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር።

እርግጥ ነው፥ ሰጪ ገንዘቡን ለመከልከል መብት አለው፤ ስለ ተሰረቀ እህልም መጠየቁ የሚገባ ነው። ነገር ግን በሁለት መንግሥታት መካከል ያለው ክርክር እስኪያልቅ ድረስ የሕፃን ትኩሳት አይጠብቅም። ስለዚህ ወዳጅነትን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ የልጅን መድኃኒት በወዳጅ ፈቃድ ላይ ብቻ ማንጠልጠል ግን ሌላ ነገር ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የወጣው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱ ለሹማምንት ማሳሰቢያ ሊሆን ይገባዋል፤ የአገር በጀት ሲደለደል ኪኒኑና አጎበሩ ከሁሉ አስቀድመው ይታሰቡ።

የእኛም የወላጆች ፋንታ አለ። ልጅ ሲያተኩሰው ነገን ሳንጠብቅ በዚያው ቀን ለምርመራ እናድርሰው። ትኩሳቱ ስለ በረደ ብቻ የሦስቱን ቀን ኪኒን አናቋርጥ። አጎበሩንም ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች እንዲያድሩበት እንጂ እህል እንዲሸፈንበት አናድርግ። የሩቁን ውሳኔ ለመመለስ ኃይል ባይኖረን፥ በእጃችን ያለውን ለመጠበቅ ግን ማንም አይከለክለንም።